ወይዘሮ ይስማማሉ እና አሥራ ሁለተኛው ጥያቄ

ሰፈሩ ውስጥ እውነተኛ ስሟን የሚያውቅ ሰው ቢፈለግ ወንድሟና የመብራት ሂሳብ የሚያድለው ሰውዬ ብቻ ይገኙ ይሆናል። ሌላው ሁሉ «ወይዘሮ ይስማማሉ» ነው የሚላት። ስሙን ያወጡላት የሰፈር ልጆች ናቸው፤ አልተሳሳቱም። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የቅጽ ሰሌዳዋን ደረቷ ላይ ለጥፋ፣ በየሰው በር እየቆመች «በጣም ይስማማሉ፣ ይስማማሉ፣ አይስማሙም ወይስ በጣም አይስማሙም?» ስትል ኖራለች። ስለ ውሃ ጠይቃለች፣ ስለ ከንቲባው ጠይቃለች፣ ስለ ልብስ ሳሙና ሽታ ሳይቀር ጠይቃለች። የእሷን አስተያየት ግን በነዚያ ሁሉ ዓመታት የጠየቃት የለም፤ ቢጠይቋትም አትመልስም ነበር።

የሕዝብ አስተያየት የሚያጠናው ድርጅት ሲቀጥራት የሰጣት ሕግ አጭር ነው። ጥያቄው እንደተጻፈ ይነበባል፤ አይጨመርበትም፣ አይቀነስበትም፣ አይብራራም። ተጠያቂው ዝም ካለ ያው ጥያቄ ቃል በቃል ይደገማል። የጠያቂ ፊት ላይ ደስታም ሐዘንም አይታይም። ሰው ሲጠየቅ ሌላ ሰው አጠገቡ አይቀመጥም፤ ዘመድም ዘመዱን አይጠይቅም። ሌሎቹ ጠያቂዎች ይህን ሕግ ቢሮ ሲገቡ ያጠልቁታል፣ መንገድ ላይ ሲቆረቁራቸው ያወልቁታል። እሷ ግን ተኝታም አታወልቀውም። አንድ ጊዜ አንድ ሰውዬ በሩን ከፍቶ፣ ሚስቱ በዚያው ጠዋት ጥላው እንደሄደች ሲነግራት፣ ፊቷን ግድግዳ አስመስላ «በዚህ ቤት ውስጥ ስንት ሰው ይኖራል?» አለችው። አብራው ያለቀሰችው አሥራ ዘጠኙንም ጥያቄ ጨርሳ፣ እስክሪብቶዋን ዘግታ፣ ሰሌዳዋን መሬት ካስቀመጠች በኋላ ነው።

በዓለም ላይ ያላት አንድ ወንድም ነው። እናትና አባታቸው ተከታትለው ሲሞቱ እሷ ሰባት ዓመቷ፣ እሱ አሥራ አራት ነበር። እሱ ከሦስተኛ ክፍል ወጥቶ ጋራዥ ገባ፤ እሷ ተማረች። ደብተሯን የገዛው እሱ፣ ለወላጅ ስብሰባ አባት ሆኖ የሄደው እሱ፣ ፈተና ስትወድቅ የተቆጣትም እሱ ነው። ራዲያተር መበየድ ተማረና የራሱን ሱቅ ተከራየ። ሰዎች «ጋሽ ራዲያተር» ይሉታል፤ በሥራው ብቻ አይደለም፣ ቶሎ ስለሚፈላም ጭምር ነው። ዕድሜ ልኩን ቆርቆሮና መዳብ ሲቀጠቅጥ ጆሮው ደክሟል። ስለዚህ እሱ ሲያወራ ሦስተኛው ቤት ድረስ ይሰማል፤ እሱን ለማዋራት የፈለገም መጮህ አለበት። ስለ ምንም ነገር አስተያየት አጥቶ አያውቅም፤ ስለ ሚኒስትሮችም፣ ስለ ዳኞችም፣ ስለ ጎረቤት ድመትም።

ፊደል ቢቆጥርም ረጅም ጽሑፍ ያደክመዋል። ውል ሲመጣ፣ ደብዳቤ ሲመጣ፣ የግብር ወረቀት ሲመጣ፣ አጣጥፎ ኪሱ ይከትና እህቱ እስክትመጣ ይጠብቃል። «እኔ አስተማርኳት፣ እሷ ታነብልኛለች፤ ሂሳባችን ተዘግቷል» ይላል ለደንበኞቹ። እሷ ሳታነብለት አንድም ቦታ ፈርሞ አያውቅም።

ታሪኩ የሚጀምረው የሱቁ ባለቤት፣ አንዲት ባልቴት፣ ልጃቸው ጋ ሄደው ለመኖር ሲወስኑ ነው። ሠላሳ ዓመት ኪራይ ሳያጓድል የከፈላቸውን ሰው መዝለል ስላልፈለጉ ቅድሚያውን ለሱ ሰጡት። «ምርጫው የሚደረግበት ወር እስኪያልቅ እጠብቅሃለሁ፤ ከዚያ በኋላ ግን ለመጣው እሸጣለሁ፣ እንዳትቀየመኝ» አሉት። ዋጋውን የሚሸፍን ገንዘብ ነበረው። ከእያንዳንዱ ራዲያተር እየቆነጠረ ያጠራቀመው ሁሉ ዋናው መንገድ ላይ ባለው፣ በሩ መስታወት በሆነው ባንክ ተቀምጧል። ወንድምና እህቱ ልጅ የላቸው፣ ሌላ ጥሪት የላቸው፤ የሁለቱም የእርጅና ተስፋ ያቺ ሱቅ ነበረች።

ባንኩ መንገዳገዱ የተሰማው ምርጫው ሰባት ሳምንት ሲቀረው ነው። ለማን እንዳበደረ፣ ምን ላይ እንደከሰረ ብዙ ተወራ። ከተወራው ግማሹ ውሸት ነበር፤ ሌላው ግማሽ ከውሸቱ የባሰ እውነት። መንግሥት ከሕዝብ ገንዘብ አውጥቶ ሊያድነው ፈለገ፤ ግን ምርጫ ደጃፍ ላይ ነውና ሕዝብ ምን ይለኛል ብሎ ፈራ። ተቃዋሚው ደግሞ «ይውደቅ» ማለት ፈለገ፤ እሱም ሕዝብ ምን ይለኛል ብሎ ፈራ። ሁለቱም ሕዝቡን እንዲህ የሚፈሩት በአምስት ዓመት አንዴ ነው። እናም የሕዝቡ አስተያየት ይጠና ተባለ፤ ወይዘሮ ይስማማሉም ሰሌዳዋን አነገበች።

በመጀመሪያው ቅጽ ላይ አሥራ ሁለተኛው ጥያቄ «መንግሥት ባንኩን ከኪሳራ ለማዳን የሕዝብ ገንዘብ መስጠቱን ይደግፋሉ ወይስ ይቃወማሉ?» ይል ነበር። ፀጉር አስተካካዩ ምላጩን እንደያዘ፣ ደንበኛውን በአረፋ ውስጥ ትቶ ዞረባት።

«ሲያተርፍ ጠርቶኝ ያውቃል? ዛሬ ሲከስር ከየት መጥቶ ነው ዘመዴ የሆነው? ‹በጣም እቃወማለሁ› ከሚለው የበለጠ የለሽም?»

«ከዚህ ካርድ ላይ ካሉት ውስጥ ነው የሚመርጡት።»

«እንግዲያው እሱኑ ሁለት ጊዜ ጻፊው!»

ከባንኩ ፊት ለፊት ጠረጴዛ ዘርግታ ሻይ የምትሸጠው ሴትም ብርጭቆዋን እያጠበች፣ «የኔን ጠረጴዛ ደንብ አስከባሪ ሲሰባብረው መንግሥት የት ነበር? ለትልቅ ሌባ ትልቅ ትራስ! ጻፊ፣ እቃወማለሁ» አለች። በሁለት ቀን አርባ ስድስት ቤት ዞራ፣ የሚደግፍ ያገኘችው ዘጠኝ ብቻ ነው። ከዘጠኙም አንዱ የባንኩ ሹፌር ነበር።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ተቆጣጣሪው፣ ማለትም የቅርብ አለቃዋ፣ ቅጾቹን ሰብስቦ አዲስ አደለ። የተጠየቁት ቤቶች እንደገና ይጠየቁ አለ። አሥራ ሁለተኛው ጥያቄ ረዝሟል፦ «የእያንዳንዱ ቆጣቢ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ እንዲጠበቅና ማንም ሰው በፈለገው ጊዜ ማውጣት እንዲችል፣ መንግሥት ባንኩን መርዳቱን ይደግፋሉ ወይስ ይቃወማሉ?» አንዲት ጠያቂ ለምን እንደተቀየረ ብትጠይቅ፣ ተቆጣጣሪው ቀና ሳይል «ተሻሽሎ ነው» አላት።

ወይዘሮ ይስማማሉ ሁለት ጊዜ አነበበችውና ልቧ ሞቀ። ለምን ቢባል፣ በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ቅጽ ላይ ታትሞ ሐሰት ሆኖ ያገኘችው ነገር አልነበረም። ቅጹ «ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን በሚመጣበት በዚህ ሰፈር» ካለ፣ ውሃው በእርግጥ ሁለት ቀን ይመጣል። «አዲሱ ድልድይ ሲጠናቀቅ» ካለ፣ ድልድዩ ይጠናቀቃል። ሰው ሲዋሽ ብዙ ሰምታለች፤ ወረቀት ሲዋሽ ግን አላየችም። «አሃ፣ ተወስኗል ማለት ነው፤ ገንዘቡ ሊጠበቅ ነው» አለች በልቧ። በወረቀቱ ላይ አንዲት ቃል ሳትጨምር ሳትቀንስ የኖረች ሴት፣ ወረቀቱን መጠራጠር የሚባል ነገር ተምራ አታውቅም። ሌላ ሰው ቢሆን ይህን ስህተት አይሠራም፤ ሻይ ሻጯ እንኳ ከሷ አፍ ባትሰማው ኖሮ አትሠራውም ነበር።

ሕዝቡም ተገለበጠ። «እንዲህ ከሆነማ ሌላ ነገር ነው» አለ ፀጉር አስተካካዩ፣ «የኔም ጥቂት አለችበት።» ሻይ ሻጯ «ሙሉ በሙሉ? በፈለግኩት ጊዜ?» ብላ ሦስት ጊዜ አስነበበቻትና «እንግዲያስ እደግፋለሁ፤ ሌባው ከእኔ ጋር በአንድ ጀልባ ከሆነ ምን ይደረግ» አለች። በሬ ሆይ በሬ ሆይ፣ ሳሩን አየህና ገደሉን ሳታይ እንዲሉ፣ ሰፈሩ ሁሉ «እደግፋለሁ» አለ።

በአምስተኛው ቀን እኩለ ቀን ላይ በባንኩ በር ስታልፍ ሰልፉ መንገዱን አቋርጦ፣ መድኃኒት ቤቱን አልፎ፣ እስከ ጫማ ጠጋኙ ድረስ ተዘርግቷል። የባንኩ ዘበኛ ተራ እንዳይዛባ በየሰዉ መዳፍ ላይ በእስክሪብቶ ቁጥር ጽፏል። ከበሩ ብዙም ሳይርቅ፣ አርባ አንድ ቁጥር መዳፉ ላይ ያለ፣ ቱታው በቅባት የጠቆረ ሰው ቆሟል።

«ጋሼ! እዚህ ምን ታደርጋለህ? ሱቁስ?»

«ዘግቼው ነዋ! ከንጋት ጀምሮ እዚሁ ነኝ። ገንዘቤን አውጥቼ ፍራሼ ሥር እከተዋለሁ። ፍራሽ ሲከስር አይተሽ ታውቂያለሽ?» አለ ሰልፉ ሁሉ እየሰማው። ሰዉ ሳቀ።

«ይህን ሁሉ ገንዘብ በኪስህ ይዘህ በእግርህ ልትሄድ? ባለፈው ሳምንት አንዱን ደብድበው ቀምተውታል እኮ!»

«ታዲያ ምን ላድርግ? መንግሥት እስኪያስጥለኝ ልጠብቅ? የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም!» ከዚያ ግን ድንገት ፊቱ ለስለስ አለ። «አንቺ ምን ትያለሽ? አንቺ ያልሽኝን ነው የማደርገው።»

ምን ትያለሽ ተብላ አታውቅም። ልቧ ደነገጠ፤ ትንሽም ኩራት ተሰማት። የራሷን ቃል ከአፏ ማውጣት ስላልለመደች ሰሌዳዋን ገለጠችና አሥራ ሁለተኛውን ጥያቄ አነበበችለት። ጆሮው ስለማይሰማ ጮኻ ነው ያነበበችው።

«‹የእያንዳንዱ ቆጣቢ ገንዘብ ሙሉ በሙሉ እንዲጠበቅና ማንም ሰው በፈለገው ጊዜ ማውጣት እንዲችል…›»

እዚያ ላይ አቆመች። የቀረው «ይደግፋሉ ወይስ ይቃወማሉ» ነው፤ ያ ለቅጹ እንጂ ለወንድሟ ምን ይጠቅመዋል? ጥያቄን አጋምሳ የተወችው በሃያ ሁለት ዓመት ውስጥ ያን ዕለት ብቻ ነው።

«ሙሉ በሙሉ ይላል?»

«ይላል፣ ጋሼ።»

«የታተመ ነው? በእጅ የተጻፈ አይደለም?»

«የታተመ ነው። ማኅተምም አለበት።»

ጋሽ ራዲያተር መዳፉ ላይ እንትፍ ብሎ አርባ አንድ ቁጥርን በቱታው ጠረገው። ከኋላው የነበረች ሴት «ይሄ ነገር ከተወሰነ እኔስ ምን ያስቆመኛል» ብላ ከሰልፉ ወጣች። ሌሎችም ተከተሏት፤ አሥር ይሆናሉ፣ አሥራ አምስት ይሆናሉ። «ወይዘሮ ይስማማሉ ናት ያነበበችው፤ እሷ ደግሞ አትጨምርም አትቀንስም» ሲባባሉ ሰማቻቸው። ወንድምና እህት ወደ ሱቁ አብረው ሄዱ። መንገዱን ሙሉ ስለሚቀየረው የሱቁ ጣሪያ ሲነግራት ነበር፤ ወጪ ወራጁ ሁሉ ስለ ጣሪያው ሰማ።

ውጤቱ በሳምንቱ ወጣ። ከመቶ ሰባ አንዱ ሰው ደግፏል። ጋዜጦቹ «ሕዝቡ፦ ባንኩ ይዳን!» ብለው በትልቁ ጻፉ፤ ውሻ በበላበት ይጮኻል፣ የባንኩ ማስታወቂያ ያልወጣበት ጋዜጣ አልነበረም። በሥልጣን ላይ ያለው ሰው «የሕዝቡን ድምፅ ሰምቻለሁ» አለ። ተቃዋሚው ያችን ሰባ አንድ አይቶ ትናንት «ይውደቅ» ሊል የነበረውን አፉን ጠረገና «እኔም ከመጀመሪያው ይህንኑ ነበር የምለው» አለ። ገንዘቡ ተሰጠ፤ ምርጫውም ተደረገ። ማን እንዳሸነፈ መናገሩ እዚህ ላይ ትርጉም የለውም፤ ሁለቱም ያችኑ ሰባ አንድ ተሸክመው ነው የሮጡት። ወይዘሮ ይስማማሉም፣ በዚያ ቁጥር ውስጥ የእኔም የእግር ድካም አለበት ብላ ደስ ብሏት ድምፅዋን ሰጥታ መጣች።

ምርጫው ባለፈ በአሥራ አንደኛው ቀን ወንድሟ ቤቷ መጣ። በእጁ ከባንኩ የመስታወት በር ላይ የገነጠለውን ማስታወቂያ ይዟል፤ ማዕዘኖቹ ላይ ሙጫው ተንጠልጥሏል። የሽያጭ ውሉን ለመፈጸም ገንዘብ ሊያወጣ ሄዶ ነበር።

«አንብቢልኝ» አለ። «ዘበኛው አነበበልኝ፤ ግን በትክክል ያነበበው አልመሰለኝም።»

እሷ ቆማ አነበበች። ባንኩ በመንግሥት ድጋፍ ሥራውን በተሟላ ሁኔታ መቀጠሉን በደስታ ያበስራል። አንድ ቆጣቢ በወር ማውጣት የሚችለው ይህን ያህል ነው፤ የተጻፈው ልክ የአንድ ወር አስቤዛ እንኳ በወጉ አይሸፍንም። የቀረው ገንዘብ በአሥር ዓመት ውስጥ በየደረጃው ይለቀቃል። ለመልካም ትብብርዎ እናመሰግናለን።

«ሙሉ በሙሉ የሚለውስ?»

ከላይ እስከ ታች ፈለገችው። «የለም፣ ጋሼ።»

«እስቲ ገልብጪው። በጀርባው ይሆናል።»

ባዶ መሆኑን እያወቀች ገለበጠችው። እሱም አጎንብሶ ባዶውን ወረቀት አብሯት አየ። አልጮኸም። ያ ቶሎ የሚፈላ ሰውዬ «እሺ» ብቻ አለና ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። እሷ እዚያው ቆማ ቀረች፤ በጥፊ የተመታች ያህል ፊቷ ይነዳል።

በማግስቱ ቢሮ ገብታ ሁለተኛውን ቅጽ ተቆጣጣሪው ጠረጴዛ ላይ ዘረጋችው። «ይሄን ማን ጻፈው?»

ተቆጣጣሪው መነጽሩን አወለቀ። «ደንበኛው ነዋ። ጥናቱን ያዘዘው።»

«ደንበኛው ማነው?»

«እትዬ፣ አሁን ይሄ ምን ይጠቅምሻል? የባንኩ ሰዎች ናቸው፤ በማስታወቂያ ድርጅት በኩል። የመጀመሪያው ጥያቄ ውጤት አላማራቸውም፣ አስተካክሉልን አሉ፣ አስተካከልን።»

«ሙሉ በሙሉ ይጠበቃል ብላችሁ እኮ ነው የጻፋችሁት! እኔ መቶ አርባ ቤት ዞሬ ያነበብኩት!»

«ይጠበቃል አላልንም። እንዲጠበቅ ቢደረግ ትደግፋላችሁ ወይ ነው ያልነው። ሰው ገንዘቡ እንዲጠበቅለት ይፈልጋል፤ ይሄ ውሸት ነው? ጥያቄ እኮ ነው፣ ዋስትና አይደለም። ይህን ለአንቺ ማስረዳት አለብኝ? የሃያ ሁለት ዓመት ጠያቂ!»

እውነቱን ነበር፤ ያንገበገባትም እሱ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ፊቷን ግድግዳ ያደረገችላቸው፣ ዝናብ የመታት፣ ውሻ የነከሳት፣ በር የተዘጋባት፣ ለዚህ ነው? እሷ ቃላቸውን ሳታዛባ ለሰው ስታደርስ፣ እነሱ ያችኑ አለማዛባቷን ነው የሸጧት። ሰው የሚያምናት ስለማትጨምር ስለማትቀንስ እንደሆነ አሳምረው ያውቃሉ። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ። ሰሌዳውን፣ የመታወቂያ ባጁንና የመልስ ካርዶቹን ጠረጴዛው ላይ ትታ ወጣች። ተቆጣጣሪው «እትዬ፣ የወሩን አበልሽን እንኳ ውሰጂ» ሲል ከኋላዋ ተሰማት፤ አልዞረችም።

ከዚያ በኋላ ባሉት ቀናት ያለ ሰሌዳ ቤት ለቤት ዞረች። ምን ልትል እንደሆነ በትክክል አታውቅም ነበር፤ ያለ ወረቀት አፏ አይከፈትም። «ያነበብኩላችሁ… እኔም አላወቅኩም ነበር» ነው ያለችው፣ በየበሩ። ፀጉር አስተካካዩ አልተቆጣም፤ መቀሱን እያንኳኳ «እኛማ ምን ቸገረን፣ እቴ፤ ሕዝብ ነን፣ ለምደነዋል» አለና ወደ ደንበኛው ዞረ። ሻይ ሻጯ ግን ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ ኳ አድርጋ አስቀመጠችው።

«ሰልፉ ላይ ስታነቢ ሰምቼሻለሁ። ተራዬን ልይዝ ጠረጴዛዬን እየሰበሰብኩ ነበር። አንቺን ሰምቼ መልሼ ዘረጋሁት።»

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ የኔ እህት።»

«ይቅርታሽን ምን ላድርገው? በሻይ ልሽጠው?»

አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም ይላሉ። የሷ አፍ ሃያ ሁለት ዓመት ተጠብቆ ያመለጠው በአንድ ቀን፣ ያውም በገዛ ወንድሟ ላይ ነው።

ባልቴቷ የተባለውን ቀን ጠበቁ፤ አንድ ሳምንትም ጨመሩ። ከዚያ ሱቁን ለስልክ ነጋዴ ሸጡት። ጋሽ ራዲያተር መበየጃውን፣ የውሃ ገንዳውንና ሠላሳ ዓመት ያጠራቀመውን የመዳብ ቁርጥራጭ በእጅ ጋሪ ጭኖ ወጣ። እቃ ልታግዘው ብትሄድ «ልብስሽ ይቆሽሻል» አላት። በስድሳ አንድ ዓመቱ የሌላ ሰው ጋራዥ ጥግ ላይ በቀን ኪራይ ይሠራ ጀመር፤ ዝናብ ከመጣ ሥራ የለም። ያን ባንክ አስከስረውታል የተባሉት ሰዎች ግን ባሉበት ናቸው፤ እንዲያውም አንዱ ተሹሟል። ደሞዛቸው በአሥር ዓመት በየደረጃው ይለቀቃል ሲባል የሰማ የለም።

አላባረራትም፤ ያ ቢሆን ይሻላት ነበር። እሁድ እሁድ ቤቱ ትሄዳለች፤ ሻይ ያፈላል፣ ዳቦ ይቆርሳል፣ ስለ ጉልበቱ ሕመምና ስለ ጎረቤቱ ድመት ያወራል። አንድ እሁድ ጠረጴዛው ላይ ከባንኩ የመጣ ደብዳቤ አየችና በልማድ እጇን ዘረጋች።

«ተዪው» አላት። «ጎረቤቴ አንብቦልኛል።»

እጇን ሰበሰበች። በዚያች ቅጽበት ነው በሩ የተንኳኳው።

በሩ ላይ የቆመችው የድሮ የሥራ ባልደረባዋ ናት፤ አሥራ አምስት ዓመት አብረው ቤት ለቤት የዞሩ። ሰሌዳዋን ደረቷ ላይ ይዛለች። የቤቱ ቁጥር በዕጣ ወጥቷል፤ ከምርጫ በኋላ የሚደረግ የመተማመን ጥናት ነው፣ አሥር ደቂቃ አይፈጅም። ወይዘሮ ይስማማሉን ስታይ ደንገጥ አለችና «ውይ፣ አንቺም እዚህ ነሽ?» አለች። ወንድሟ «ግቢ፣ ግቢ! መቼም መጠየቅ አይሰለቻችሁ!» ብሎ ወንበር ሳበላት።

ሕጉን የሚነግራት ሰው አያስፈልጋትም። ሻይዋን አስቀምጣ፣ ሳትባል ተነሥታ ወጣች፤ ደጃፉ ላይ፣ የቆርቆሮውን ግድግዳ ተደግፋ ቆመች። ልትሰማ ብላ አልነበረም። ባልደረባዋ ግን ጮኻ ካላነበበች ወንድሟ አይሰማትም፣ እሱም ሲመልስ ግድግዳ አይበግረውም።

«በሚከተሉት ላይ ምን ያህል እምነት አለዎት? በጣም፣ በመጠኑ፣ በጥቂቱ ወይስ ምንም? በመንግሥት ላይ?»

«ምንም!»

«በባንኮች ላይ?»

«ከምንም በታች የለሽም? ምንም!»

«በተቃዋሚ ፓርቲዎች ላይ?»

«ምንም! ጋዜጣም ካለበት ቀድመሽ ጻፊው፤ ምንም!»

ደጅ ላይ የቆመችው ሴት ሳታስበው ፈገግ አለች። የዱሮው ጋሼ ነው፤ ያው የሚፈላው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ድምፁን እንዲህ ሞልቶ ሰማችው።

«በቤተሰብዎ አባላት ላይ?»

ባልደረባዋ እንደ ሕጉ ጠበቀች፤ መልስ ሲጠፋም እንደ ሕጉ ቃል በቃል ደገመችው። «በቤተሰብዎ አባላት ላይ ምን ያህል እምነት አለዎት? በጣም፣ በመጠኑ፣ በጥቂቱ ወይስ ምንም?»

ወንበር ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ወንድሟ መለሰ፤ ግን ምን እንዳለ አልሰማችም። ያ ሲያወራ ሦስተኛው ቤት የሚሰማው ሰው፣ እህቱ ከግድግዳው ማዶ መቆሟን አስታውሶ፣ ድምፁን እንደ ምንም ለመጀመሪያ ጊዜ ዝቅ አድርጎ ነው የተናገረው።

ቆርቆሮውን እንደተደገፈች ዓይኗን ጨፈነች። «በጣም» ለማለት ማንም ድምፁን አይቀንስም።